ሁለቱ ኖርማኖች

የቢንዳራ የተሳቢ እንስሳት አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር ዘጠኝ አባላት ነን፤ ከስምንቱ ስድስቱ አያናግሩኝም። ምክንያቱ ደንብ ማስከበሬ ነው። አባል ደንብ ሲጥስ እያየ ዝም የሚል ጸሐፊ ካያችሁ፣ እሱ ጸሐፊ ሳይሆን ወንበር ነው። ስሜ ሬክስ ሆብዴይ ይባላል። ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አራት ጢማም እንሽላሊቶች አሳድጌ በወጉ ቀብሬአለሁ። አንዱም ያለ ፈቃድ አልኖረም።

ጢማም እንሽላሊት፣ ያ አገጩ ሥር ሲቆጣ የሚነፋው ሾጣጣ ቆዳ ያለው፣ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ጥቅምት ገብቶ ሙቀቱ ሲጀምር በየአጥሩ ቋሚ ላይ አንድ አንዱ ይወጣና ደረቱን ነፍቶ መንገደኛውን ሁሉ ሲገላምጥ ይውላል። ግን ከአጥሩ ላይ አንሥተህ ቤትህ ብታስገባው ወንጀል ነው። ቤት ማሳደር የሚፈቀደው ቤት የተወለደውን፣ ወረቀት ያለውን፣ ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አውጥተህ አጥር ላይ ብታስቀምጠው እሱም ወንጀል ነው፤ የቤቱን በሽታ ለዱሩ ያጋባል። መጠጥ ቤት የሚውለው ሰው ሁሉ «ይሄ ደንብ እብደት ነው» ይላል። እብደት ቢሆንም የተጻፈ እብደት ነው እላለሁ እኔ።

አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ግሌኒስ ታሊ ናት። ባሏ ሜርቭ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅ አልወለዱም። ሜርቭ ከእንቁላሉ እንደ ወጣ፣ ገና ጣት እንኳ ሳያህል ያሳደገው ኖርማን የሚባል ጢማም እንሽላሊት ግን አላት፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሜርቭ የቀረላት በሕይወት ያለ ነገር እሱ ብቻ ነው። ዳሌዋን ለመታከም ከተማ ሆስፒታል የምትገባ ጊዜ ኖርማንን ከነመስታወት ሳጥኑ፣ ከነአምፖሉ እኔ ቤት አዛወርነው።

«ካንተ ሌላ ለማን አምኜ እሰጠዋለሁ?» አለችኝ። «እሱን የሚያውቀው አንተ ነህ።»

«ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው» አልኳት። ይህን ያለውን አፌን በኋላ ስረግመው ነው የሰነበትኩት።

የምትቆየው አሥር ቀን ነበር፤ ዓርብ ትመለሳለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰላም አለፉ። ቅዳሜ ጠዋት ኖርማንን ጓሮ አውጥቼ ከወንፊት ሽቦ በተሠራ ቀፎ ውስጥ ፀሐይ እንዲሞቅ አስቀመጥኩት። አምፖል የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ፀሐይን አይተካም፤ ይህ እኔ ራሴ በጻፍኩት በማኅበሩ የአያያዝ መመሪያ ገጽ ሁለት ላይ አለ። ወደ ቤት ገብቼ ሻይ ስጥድ ስልኩ ጮኸ። ግሌኒስ ናት።

«ኖርማን እንዴት አደረ?»

«እንደ ጌታ! አሁን ፀሐይ እየሞቀ ነው» አልኩና በማዕድ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ አየሁ። የቀፎው ክዳን ተከፍቷል። ውስጡ ማንም የለም።

«በላልህ?»

«እንዴታ! ዱባውን ጥርግ አድርጎ ነው የበላው።»

«ሬክስ፣ ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

ዋሸኋት። ሴትዮዋ ዳሌዋ ተከፍቶ በተኛችበት፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። ስልኩን እንደ ዘጋሁ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የቀፎውን ክዳን መክደን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል ይህ ነው።

ደግነቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከጓሮው መጨረሻ፣ ሦስተኛው የአጥር ቋሚ ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። «አንተ ባለጌ!» ብዬ ያዝኩት። አልሮጠም፤ አልነከሰኝም። ወደ ቤት አስገባሁትና ገጽ አራትን ሥራ ላይ አዋልኩ። ገጽ አራት እንዲህ ይላል፦ ከውጭ የገባ እንሽላሊት ሁሉ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ መዥገር ካለበት ይለቀምለት፣ ጥፍሩ ይከርከም፣ የተባይ መድኃኒት ይቀባ። ሦስት መዥገር ለቀምኩለት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት መዥገር እንዴት ያዘው ብዬ አልጠየቅኩም። አምፖሉ ሥር አስተኛሁት፤ የቀዘቀዘውን ሻዬን እንደገና አሞቅኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ ጠዋት የጓሮው በር የወባ ትንኝ መከላከያ ሽቦ ሲፋቅ ሰማሁ። ብቅ ስል ሌላ ኖርማን ሽቦው ላይ ተለጥፎ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል። በሩን ከፈትኩለት። ኪራይ ከፍሎ እንደሚኖር ሰው ዝም ብሎ ገባና፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ የመስታወት ሳጥኑ ፊት ቆመ። ውስጥ ያለው ሲያየው ጢሙን ነፍቶ እንደ ከሰል አጠቆረበት። እሱም አጠቆረ። እጄን ስዘረጋለት ግን ጣቶቼ ላይ ወጥቶ ክንዴን አቅፎ ተኛ።

እዚህ ላይ ልቦና ያለው ሰው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። የእኔ እጅ ግን የለመደውን ሠራ። አጠብኩት። መዥገር ፈለግኩ፤ ባላገኝም መድኃኒቱን ቀባሁት። ጥፍሩን ከረከምኩት፤ ሳይበላለጥ፣ ሃያውንም አንድ ልክ። በፎጣ አድርቄ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁትና አንዱን ከሌላው አስተያየሁ። ቁመታቸው እኩል። መልካቸው አንድ። የሁለቱም ጭራ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎደል ያለ ነገር አለ። ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። አንዱ የሜርቭ ነው። አንዱ የማንም አይደለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ወንድ እንሽላሊት አንድ ሳጥን ውስጥ አይኖሩም፤ ይገዳደላሉ። ስለዚህ አንዱን የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያለኝ አምፖል አንድ ነው፤ አምፖል ያላገኘ ደግሞ አጥንቱ ይልፈሰፈሳል፤ ገጽ ሦስት። አድልዎ አልወድም። ጠዋት አንዱ ሳጥን ውስጥ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው፤ ማክሰኞ ላይ እኔ ራሴ ገላዬን የምታጠበው ጓሮ ወጥቼ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ነበር። ፖስተኛው በሰላምታ ፈንታ ዐይኑን ሸፈነ።

ሰኞ ፈተና አዘጋጀሁላቸው። የመጀመሪያው በስም መጥራት ነበር። «ኖርማን!» ስል ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግራ ዐይኑን ጨፈነ። ገንዳው ጋ ሄጄ «ኖርማን!» ስል ያኛው ቀኝ ዐይኑን ጨፈነ። የሌለ ስም ጠርቼ «ብሩስ!» ብዬም ሞከርኩ፤ ሁለቱም አቤት ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ግሌኒስ ኖርማን የአየር ትንበያ ይወዳል ትል ስለነበር ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። በመላ አገሪቱ ሙቀት እንደሚጨምር ሲነገር ሁለቱም ተኙ። ቁልፏ እኔ ጋ ስለነበር ቤቷ ገብቼ ሜርቭ ሣር ሲያጭድ የሚደፋውን አሮጌ ባርኔጣ አመጣሁ፤ ሽታውን ያውቀው ይሆናል ብዬ ነው። አንዱ ገባና ዞር ዞር ብሎ ተጸዳዳበት። እሰይ፣ የዱሩ እሱ ነው አልኩ። ባርኔጣውን አጥቤ ለሁለተኛው ሰጠሁት። እሱ በእጥፍ ተጸዳዳበት።

ከዚያ በአደን ልፈትናቸው ብዬ የፌንጣውን ሳጥን ስከፍት ከእጄ አመለጠኝ። ሁለት መቶ ፌንጣ። ማደኑንስ ሁለቱም አላደኑም፤ እኔን እያዩ ቁጭ አሉ። ፌንጣዎቹ ሶፋው ውስጥ ሰፍረው እስከ ዛሬ ይዘፍናሉ።

በመጨረሻ የፎቶው ነገር ትዝ አለኝ። ለማኅበሩ መዝገብ እያልኩ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ግሌኒስ ቤት በሄድኩ ቁጥር ፎቶ አነሣ ነበር፤ ሁለት ካርቶን ሙሉ አለ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። በአንዱ ፎቶ ላይ ግሌኒስ በረንዳ ላይ ሆና ትስቃለች፤ በጥጉ በኩል የኖርማን ጭራ ይታያል። በሌላው ግሌኒስ ቲማቲም ይዛለች፤ የኖርማን አንድ እግር አለ። በሌላው ግሌኒስ ፀጉሯን ነፋስ በትኖታል፤ ኖርማን የለም። አንድም የእንሽላሊት ፊት አጣሁ። ካሜራው ርካሽ ነው፤ መሐል ላይ ያለውን ብቻ ነው አጥርቶ የሚያነሣው።

ማክሰኞ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ድምፄን አወፍሬ ነበር።

«ስሜን መናገር አልፈልግም» አልኩ።

«እሺ ሬክስ» አለች ስልክ ያነሣችው ልጅ።

«ሬክስ አይደለሁም።»

«እሺ። ማንን ልትከስልን ነው ዛሬ?»

«ማንንም። አንድ ጥያቄ ብቻ። እንበልና አንድ ሰው ሁለት እንሽላሊት አለው። አንዱ ወረቀት አለው፤ አንዱ የለውም። ለይቶ ማወቅ ካልቻለስ?»

«ለይቶ ማወቅ እንዴት ያቅተዋል? የሚያሳድገውን አያውቅም እንዴ?»

«እንበል ነው ያልኩሽ!»

«ካልለየ ሁለቱንም እንወስዳለን።»

«ከዚያስ?»

«የዱሩ ከቤቱ ጋር ስለተነካካ አይለቀቅም። የቤቱም ከዱሩ ጋር ስለተነካካ ለሌላ አሳዳጊ አይሰጥም።» ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ። «መርፌ ወግተው ለዘላለም ያስተኟቸዋል፣ ሬክስ። ሁለቱንም።»

«ሬክስ አይደለሁም» ብዬ ዘጋሁ። ደንቡን አርባ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ስጠቅሰው እንዲህ አልከበደኝም ነበር። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያኛው አንድ ክንዱን አንሥቶ ቀስ ብሎ አውለበለበልኝ፤ እንዲህ የሚያደርጉት ሲፈሩ ነው። እኔም እጄን አነሣሁለት።

ቢንዳራ ውስጥ ጢማም እንሽላሊት ከነነፍሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኮልን ፕራውት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሣር ማጨጃ የመታት አንዲት ጫጩት እንሽላሊት አንሥቶ፣ እግሯን አሽሎ፣ ፐርል ብሎ ስም አውጥቶ ያለ ወረቀት ያሳድጋት ነበር። ጠቆምኩበት። መጥተው ወሰዷት። ዳቦ ቤታችን አንድ ስለሆነ በየቀኑ እንገናኛለን፤ በየቀኑ ጀርባውን ይሰጠኛል። ረቡዕ ዕለት አንድ ካርቶን ቢራ ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ኮልን» አልኩት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልታነፈንፍ መጣህ? እንሽላሊት የለኝም። ድመት የለኝም። ሚስት አለችኝ፤ ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ላምጣልህ?»

«ኮልን፣ ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።»

ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ገጽ አራት ላይ ስደርስ መሳቅ ጀመረ፤ ባርኔጣው ጋ ስደርስ የአጥሩን ቋሚ ይዞ ተንበረከከ፤ «ሬክስ አይደለሁም» ያልኩት ጋ ስደርስ ሚስቱ ምን ሆነ ብላ ወጣች። ሳቁ ሲያልቅለት እንባውን ጠረገና ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ፣ «ና፣ እንያቸው» አለኝ።

ገንዳው አጠገብ ተንበርክኮ አንዱን ገለበጠው፤ ብብቱን አየ፤ እግሩን አየ።

«ቀላል ነው» አለ። «የዱሩ ጥፍር ድንጋይ ላይ ሲሳል ስለሚውል አጭር ነው። የቤቱ ረጅም ነው። እንግዲህ ይሄ…» ቆም አለ። «ጥፍሩን ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«ያኛውንስ?»

«እሱንም እኔ።»

«በስመ አብ! እሺ፣ መዥገርስ ነበረባቸው?»

«ቅዳሜ የገባው ሦስት ነበረበት።»

«በቃ! የዱሩ የቅዳሜው ነዋ! ምን ታካብዳለህ? የቅዳሜው የትኛው ነው?»

የገንዳውን ቧንቧ ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ሬክስ። የቅዳሜው የትኛው ነው?»

«አምፖሉ አንድ ነው» አልኩት። «አድልዎ እንዳይሆን በቀን ሁለቴ ቦታ አለዋውጣቸው ነበር። ሰኞ ደግሞ ከፈተናው በኋላ ማን ከየት እንደ ወጣ… ገጽ አራት ላይ ምልክት አድርጉ አይልም።»

«ገጽ አራትን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

የዚህን ጊዜ ኮልን አልሳቀም።

«እኔ ፐርልን ከሺህ መሐል እለያታለሁ» አለ። «ወስደዋት ሲሄዱ ከመኪናው የኋላ መስታወት ውስጥ ታየኝ ነበር። አሁንም አጥር ላይ የተቀመጠ ባየሁ ቁጥር መኪናዬን አቆማለሁ፤ ምናልባት አምልጣ ከሆነ ብዬ። እንዳልሆነች ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። አንተ ይሄንን ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት አይተኸው ፊቱን አታውቀውም?»

አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «በፐርል ጉዳይ በድዬሃለሁ፣ ኮልን» አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ልለው የፈራሁት ቃል ነበር ለካ።

«በድለኸኛል» አለ። እንሽላሊቱን ቀስ ብሎ ወደ ገንዳው መለሰው። «ግሌኒስን ግን እንዳትበድላት። አንዱን ስጣትና ዝም በል። ሁለት ቀን ከእጅ የበላ ጢማም እንሽላሊት ሁሉ የቤት ልጅ ነው፤ እሷም አታውቅም። ሌላውን እኔ አጥር ላይ አደርስልሃለሁ።»

«የሜርቭ ቢሆንስ? ዘጠኝ ዓመት ከሰው እጅ የበላ፣ ጭልፊት ምን እንደሆነ የማያውቅ…»

«እሱን አንተ ነህ የምታውቀው» አለና ሁለት ቢራ ከፈተ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ስወላውል ዋልኩ። እውነቱን ብነግራት ከሜርቭ የቀረላትን አጣሁ ብላ ልቧ ይሰበራል፤ ባልነግራት ደግሞ ምናልባት ባሏን አጥር ላይ አስቀምጬ ባዕድ አስታቅፋታለሁ። ለሌላው ሰው ሁሉ ንቅንቅ የማይል ደንብ የነበረኝ ሰውዬ፣ የራሴ ሲመጣ ሳንቲም ወረወርኩ። ሳንቲሙ ለእሷ የሚሰጠው ሳጥን ውስጥ ያለው ነው አለ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የሕመምተኛ ማመላለሻ መኪናው አመጣት። ከስታታለች። ሁለት ምርኩዝ ይዛለች፤ ከንፈሯን ግን ቀለም ተቀብታለች። ወንበሯ ላይ እንድትቀመጥ ደገፍኳት፤ አንዱን እንሽላሊት በጫማ ካርቶን ይዤ ቆሜአለሁ።

«አምጣው እስቲ» አለች፤ እጇን ዘረጋች። «ሆስፒታል ሆኜ ምን ፈራሁ መሰለህ? እሱ ሞቶ ትደብቀኝ ይሆን ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ‹ሬክስ አይዋሽም› እላለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና፣ «ቆይ፣ መጣሁ» ብዬ አጥሩን ዞሬ ቤቴ ሮጥኩ። ሌላውን ከገንዳው አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተመለስኩ።

«ይሄ ማነው?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን፣ ጉንፋኑን፣ አጥሩን፣ ገጽ አራትን፣ ባርኔጣውን ሳይቀር። ኮልን ያለኝንም፣ ሳንቲሙንም። አላቋረጠችኝም። ጭኗ ላይ ያለው ትከሻዬ ላይ ያለውን አይቶ ጢሙን አጠቆረ፤ ትከሻዬ ላይ ያለውም አጠቆረ፤ እኛ መሐላቸው ነበርን።

«እንግዲህ አንቺ እይና ለዪው» አልኳት። «ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ኖራችኋል። የትኛው ነው?»

አንዱን አየች። ሌላውን አየች። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች።

«እንዴት አታውቂውም?»

«እሱን ሲያይ የኖረው ሜርቭ ነው። እኔ የማየው ሜርቭን ነበር።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሜርቭ ከሞተ ወዲህ አበላዋለሁ፣ አምፖሉን አበራለታለሁ። ፊቱን ትክ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም። ሳየው ሜርቭ ይመጣብኛል፤ ፊቴን አዞራለሁ።»

ልቅሶዬ መጣ፤ አልደበቅኩም። ዘጠኝ ዓመት የኖረ እንሽላሊት አንድም የሚያውቀው ሰው አልነበረውም፤ የሚያውቀው ሞቷል።

«ይኼኛውን እኔ እወስዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያኛውን አንተ።»

«ግሌኒስ፣ ፈቃዱ የአንድ ነው! አንድ ኖርማን ነው የተፈቀደልሽ!»

«ያለንም አንድ ኖርማን ነው። የትኛው እንደሆነ ስለማናውቅ ነው ሁለት የሆነው። የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከመጡ አጥሩን ዞረው ያንኳኳሉ፤ መጀመሪያ እኔ ጋ፣ ከዚያ አንተ ጋ፤ በሁለቱም ቤት ‹ኖርማን ይሄ ነው› እንላቸዋለን። አንዱ ሁልጊዜ ሕጋዊ ነው።»

ሕግ እንዲህ አይተረጎምም ልላት አፌን ከፈትኩ። ገንዳው ውስጥ የተውለበለበልኝ ክንድ ታየኝና አፌን ዘጋሁ። ጸሐፊነቴ እዚያው ወንበሩ አጠገብ ሞተ።

«ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። እንደ መሳቅ ብላ ነበር። «እኔስ ሜርቭን ሳይ ነው። አንተስ? ለኖርማን ብለህ ነው በየእሑዱ ስትመጣ የኖርከው። ደጅ ላይ ቆመህ ‹ለምርመራ ነው› ትላለህ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለህ። የማኅበር ጸሐፊ ነህ። ያን ሁሉ ዘመን ምን ስታይ ነው ፊቱን የማታውቀው?»

ኮልንም ይህንኑ ሲጠይቀኝ መልስ አጥቼ ነበር፤ አሁን ግን መልሱ ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መዋሸት ይቻል ነበር። ጉንፋን ነው ማለት ይቻል ነበር።

«አንቺን» አልኳት።

ግሌኒስ አልደነገጠችም። ጭኗ ላይ ያለውን እንሽላሊት ጀርባ በአንድ ጣቷ ደባበሰችው።

«እሱንማ ሜርቭም ያውቅ ነበር» አለች። «በሩን ስታንኳኳ ‹ሰውዬሽ መጣ፤ እስቲ እንሽላሊቱን አውጪለት› ይለኝ ነበር።»

ሻይ ልጣድ ብዬ ትከሻዬ ላይ ካለው ጋር ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ። ስንት ስኳር እንደምትፈልግ መጠየቅ አላስፈለገኝም።